የእርሾ ዘመዶች

በእኛ ቤት መቆጣት የተከለከለበት አንድ ጥግ ነበር። ከማድ ቤቱ በር ጀርባ፣ የእናቴ የእርሾ ቅል የሚቀመጥበት ቦታ። እዚያ አጠገብ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ወዮለት! እርሾው ያኮርፋል። እርሾው ካኮረፈ ሊጡ ኩፍ አይልም፣ ሊጡ ኩፍ ካላለ ዳቦው ድንጋይ ይሆናል፣ ዳቦው ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁልጊዜ የኔ ነው። ከቤቱ ሰው ሁሉ ግልፍተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ፣ አልክድም።

«አንቺ አትጠጊው፤ ገና ሲያይሽ ይደነግጣል» ትለኝ ነበር እናቴ። የሚደነግጥ ሊጥ! እኔ ደግሞ ይህን ስትለኝ የበለጠ እናደዳለሁ፤ በተናደድኩ ቁጥር ከማድ ቤት እባረራለሁ። ልጅነቴን ግማሹን ያሳለፍኩት ጓሮ ቆሜ ነው።

እርሾው እንደ ሌላው ሰው እርሾ አልነበረም። ሰው ዳቦ ሲያቦካ ጨውን ሊጡ ላይ ይጨምራል። እናቴ ሊጡ ላይ ጨው የሚባል ነገር አታስነካም። ጨውን ሁሉ የምታፈሰው ከአንዱ ቡኮ ቀንሳ ለሚቀጥለው በምታስቀምጠው ቀጭን እርሾ ላይ ነው። ያውም እንዲሁ አትበትነውም፤ ዳር ዳሩን ብቻ እንደ ቀለበት አዙራ ትነሰንስና መሃሉን ባዶ ትተወዋለች። ሲያድር ጨው ራሱ ወደ መሃል ይገባል። በዚያ እርሾ ተቦክቶ፣ ኮባ ላይ ተደፍቶ፣ ከላይም ከታችም እሳት ነዶበት የወጣ ድፎ አንዱ ጋ ጨው ጨው ይላል፣ አንዱ ጋ አልጫ ነው። እንግዳ ሰው «ጨው ረስታ ነው» ብሎ ያማል። የለመደ ሰው ግን ጨው ያለበትን ቦታ ሲፈልግ ዳቦውን ጨርሶት ይነሳል።

የእርሾውን ታሪክ መቱ ውስጥ ያልሰማ ሰው ካለ ጆሮ የለውም ማለት ነው፤ ያወራሁት እኔ ነኝ። እናቴ ከወሎ በሰፈራ ስትመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷን እዚያው ቀብራ ከአባቷ ጋር መጣች። አባቷን ደግሞ እዚህ በደረሱ በመንፈቁ ወባ ወሰደባት። ወንድም የለ፣ እህት የለ፣ አጎት የለ። ከአገሯ የቀራት አንድ ነገር ቢኖር ይህ እርሾ ነው፤ የእናቷን ሊጥ በቅጠል ጠቅልላ፣ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ በጭነት መኪና ተጉዛ ኢሉባቦር ገባች። ትምህርት ቤት ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ በተባልን ቁጥር የምጽፈው ይህንኑ ነበር። በኋላ በኋላ አስተማሪው ራሱ «አንቺ ደግሞ ሌላ ዘመድ የለሽም?» አለኝ።

ባለቤቴ የጎሬ ልጅ ነው፣ ያኔ መቱ ሒሳብ ያስተምር ነበር። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ተዋወቅን፣ ሁለት ዓመት ተጣላን፣ ከዚያ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። አፈ ጉባኤያቸው ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጡ ሰውዬ ናቸው፤ ከተማው በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ የጉራጌ ልጅ፣ ነገርን ሳይለካ የማይቆርጥ። ሁለት ጊዜ «እናስብበት» እያለ መለሳቸው። በሦስተኛው «ልጄን ሰጥቻለሁ» አለ። እናቴ ድፎውን አቀረበች፣ በሉ፣ መረቁ። ሲወጡ አንድ ደህና ቁራሽ በኮባ ጠቅልላ ለጋሼ አስያዘቻቸው፤ የልጁ አያት እግራቸውን አሟቸው መምጣት ስላልቻሉ ጎሬ ድረስ እንዲያደርሱላቸው። እኔን ጉድ የሠራኝ ያ ቁራሽ ነው።

በማግስቱ ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጠራ። እሱ ነው።

«አኮ ጋብቻው ይቅር አለች» አለኝ። አያቱን አኮ ነው የሚላቸው፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ዘመዳሞች ናችሁ ነው የምትለው።»

«በማን በኩል? በእናት ነው በአባት?»

«እ...» አለ።

«በማን በኩል ነው የምልህ!»

«በእርሾ» አለኝ።

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ትንሽ ቆይቼ ደወልኩና የሚሰደበውን ሰድቤ እንደገና ዘጋሁበት። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ወረቀት የሚያገላብጥ መሰለ።

ሚኒባስ ይዤ ጎሬ ልሂድ ወይስ ልቅር ስል፣ በማግስቱ አኮ ራሳቸው ከች አሉ። ስንት ጊዜ ከደጅ ያልወጡ ሴትዮ፣ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጠው፣ የልጅ ልጃቸውን ከኋላ አስከትለው። እኛ ቤት ሲገቡ እኔን አላዩኝም። አባቴንም አላዩትም። ምርኩዛቸውን እየመቱ ቀጥ ብለው ማድ ቤት ገቡና የቅሉን ክዳን አነሱ። ጨው በዳር በዳሩ እንደ ቀለበት ዞሯል። ክዳኑ ከእጃቸው ወደቀ።

«ፊራ ኮ!» አሉ፤ ዘመዴ ማለታቸው ነው። እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። «ኢንታላ ኮ! ልጄ! የት ነበርሽ እስከ ዛሬ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አኮ የተላከላቸውን ቁራሽ ሲቀምሱ አንዱ ጋ ጨው፣ አንዱ ጋ አልጫ ሆኖ አገኙት፤ ያወቁት በዚያ ነው። በእሳቸው ቤት ጨው የሚበላ እርሾ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ብቻ ነው የሚተላለፈው። ለጎረቤት አይሰጥም፣ ለምራት አይሰጥም፣ ለነፍስ አባትም ቢሆን አይሰጥም። አሁን እንግዲህ የአኮ እናት አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻቸው። አኮ ገና ሕፃን ሳሉ ይህች ታናሽ እህት አንድ የወሎ ነጋዴ ተከትላ ሄደች፣ እንደወጣች ቀረች። ስትሄድ ከቤቱ የወሰደችው ሻሽና እርሾ ብቻ ነው። የአኮ እናት እስኪሞቱ ድረስ እሷን እንዳነሱ ነበር። ታዲያ ወሎ የሄደ እርሾ ከወሎ ከመጣች ሴት ቤት ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አኮ እንባቸውን ጠርገው ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አዩኝ። ከዚያ እሱን አዩት።

«ምን ትገተራለህ? እህትህን ሳማት እንጂ!» አሉት።

ግንባሬን ሳመኝ። ልሙት፣ ግንባሬን! ሁለት ዓመት ስንት ነገር ያወራኝ ሰውዬ፣ እንደ ታናሽ እህቱ ግንባሬን ሳመኝ። ያኔ ቁርጡን አወቅኩ።

ጋሼ ተጠሩ። ደብተር ይዘው መጡ። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቆጠር አለበት፣ ይህን የማያውቅ የለም። ጋሼ በመዝገብ ቤት አጻጻፍ «የእርሾው አመጣጥ» ብለው ርእስ ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት። የአኮ አያት ከላይ ብቻቸውን ተጻፉ። በዚህ በኩል የአኮ እናት፣ አኮ፣ የአኮ ልጅ፣ እሱ። በዚያ በኩል የጠፋችው አክስት፣ የእናቴ እናት፣ እናቴ፣ እኔ።

«አራት» አሉ ጋሼ፣ እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰክተው።

«ሦስት ጎደለ ማለት ነው?» አለ አባቴ።

«ሦስት ቤት ጎደለ።»

«እና ሦስት ቤት ከየት እንከራይ ጋሼ? አሁን እንደሆነ የቤት ኪራይ አይቀመስም!»

ማንም አልሳቀም። አባቴ ቀጠለ፣ «በኔ በኩል ቁጠሩን እንግዲያው። እኔ ያደግኩት በቆጮ ነው፤ ቆጮ ላይ ጨውም የለ፣ ወሎም የለ።» ጋሼ ሐሳቡን በቁም ነገር ወስደው ደብተራቸው ላይ «ቆጮ» ብለው ጻፉ፤ ኋላ ግን ሰረዙት።

ነፍስ አባታችን ተጠየቁ። ጺማቸውን እያሻሹ «ስለ ሥጋና ደም የተጻፈ አለ፣ ስለ ጡት ልጅም ይባላል፤ ስለ ሊጥ ግን አንብቤ አላውቅም» አሉ። አድርጉ የተባለ ነገር እንደሌለ ሁሉ አታድርጉ የተባለም የለም። ስለዚህ እንደገና ወደ አኮ። አኮ እንደሆነ ንቅንቅ የለም። እጮኛዬ ሌሊቱን ሁሉ ወረቀት ላይ ዛፍ ሲስል አድሮ መጣ። የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ አራትን ሰባት ማድረግ ያቃተው ሰው ሳገባ ልብ በሉልኝ።

«እናትሽ የማን ልጅ ነበሩ?» ብለው ጋሼ እናቴን ቢጠይቋት «እኔ እንጃ፣ ልጅ ነበርኩ» አለች። ይኸው ነው። ጋሼ «አልተካደም» ብለው ጻፉ። አኮም «የዛሬ ስምንት ሁላችንም ተሰብስበን የጠፋችውን አክስቴን ዘር እንባርካለን» ብለው ሄዱ። ሽማግሌ የተላከበት ጋብቻ በዚያው የዘመድ ጉባኤ ሆኖ ሊዘጋ ማለት ነው።

በዚያ ሳምንት ያየሁትን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። እናቴ ሁለት ጊዜ ጎሬ ደርሳ መጣች። ያቺ ገበያ እንኳ ስትሄድ የምትቻኮል ሴት፣ እዚያ ውላ ትመጣለች። አኮ አዲስ ጋቢ አለበሷት። ዘመድ እየተጠራ መጥቶ ያያታል። አንዱ «አፍንጫዋ ቁርጥ የአክስቴ ነው» ይላል፣ ሌላዋ «አረማመዷም!» ትላለች። ወይ ጉድ! ሴትየዋን በሕፃንነታቸው ካዩዋት ከአኮ በቀር አንድም በዓይኑ ያያት ሰው በሕይወት የለም እኮ። እናቴ ግን ይህን ሁሉ እየተሽኮረመመች ነበር የምትነግረኝ። አፍንጫዋን በመስታወት ስታይ አገኘኋት።

እኔ ባል ላጣ ነው፣ እሷ አፍንጫዋን ታያለች!

«እማ፣ እንደማትዛመዷቸው ንገሪያቸው» አልኳት።

«ትንሽ ታገሺ።»

«ምኑን ነው የምታገሰው? እሱ ወንድሜ ነው እየተባለ እኮ ነው!»

«ትንሽ ብቻ» አለች።

«እንግዲያው ዘመዶችሽን ይዘሽ ኑሪ!» ብዬ ጮህኩባት፤ ያውም ቅሉ አጠገብ ቆሜ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በማማሰያ ታባርረኝ ነበር። ያን ቀን ክዳኑን ብቻ ገጠመችው።

ቀኑ ደረሰ። አኮ ቤት ጎሬ ተሰበሰብን። አኮ እናቴን አጠገባቸው አስቀምጠው እጃቸውን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርገዋል። እኔና እሱ ፊት ለፊት፣ እንደ ወንድምና እህት ተራርቀን። ጋሼ ተነሥተው ደብተሩን ገለጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «የእርሾው አመጣጥ» ብለው ማንበብ ሲጀምሩ እናቴ ተነሣች።

ኦሮምኛዋ የገበያ ኦሮምኛ ነው፣ ዋጋ ለመጠየቅና ለመከራከር ይበቃታል። ለአኮ በደንብ እንዲገባቸው ብላ በዚያው ተናገረች።

«አኮ፣ ፊራ ሚቲ» አለች። ዘመድ አይደለንም። «ናን ሀቴ።» ሰረቅኩ።

«ምኑን?» አሉ ጋሼ።

«እርሾውን። ከዚሁ ቤት።» አማርኛውን ቀጠለች፣ ዓይኗን ከአኮ ሳትነቅል። «የልጅዎ ሠርግ ሲደገስ ዱቄት የሚነፉ ሴቶች ተፈልገው ከሰፈራው አምጥተውን ነበር። እርስዎ አያስታውሱኝም፣ ብዙ ነበርን። ጓዳ ውስጥ ሊጡን ሲያስቀምጡ፣ ጨውን ዙሪያውን ሲነሰንሱ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ሲወጡ አንድ እፍኝ በኮባ ጠቀለልኩና ደረቴ ውስጥ ከተትኩ።»

አሁን የምነግራችሁ ነገር ያሳፍረኛል። ጋብቻዬን ከሞት ያስነሣ ቃል ነው የሰማሁት፤ ከመቀመጫዬ ዘልዬ መሳም ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «እማ! ከወሎ ነው እንጂ!» ብዬ ተቆጣሁ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ።

«ከወሎ ምን ሊጥ ይመጣል ልጄ?» አለች። «ዱቄት ቢኖረንማ ለምን እንመጣ ነበር?»

ያን ታሪክ ስንት ሰው ሰምቷል፣ ስንት ሰው ተደንቋል፣ እኔ ስንቴ ጽፌዋለሁ። በረሃብ ከአገሩ የወጣ ሰው ሊጥ ከየት አመጣ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሼ የመዝገብ ቤት ሰው ናቸውና ነገሩን ማጣራት ያዙ።

«ስለዚህ ዝምድና የለም?»

«የለም።»

«ሌብነት ብቻ ነው?»

«ሌብነት ብቻ ነው» አለች እናቴ።

«እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን!» አሉ ጋሼ፤ «የእርሾው አመጣጥ» የሚለውን ገጽ ቦጭቀው አወጡት። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እናቴ ሌባ በመሆኗ የጎሬ ሴቶች እልል አሉ፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ። አባቴ ደጅ ወጥቶ ግቢ ለቆሙት ሰዎች «ሌባ ናት! ሚስቴ ሌባ ናት!» እያለ በደስታ አበሰረ። እጮኛዬ መጥቶ ሁሉም ፊት ጉንጬን ሳመኝ፤ ግንባሬን አይደለም።

ዝም ያሉት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። አኮ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሰብስበዋል። እናቴ የለበሰችውን ጋቢ አወለቀች፣ አጣጠፈች፣ አኮ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠች።

አኮ ጋቢውን ትንሽ ይዘው ቆዩና መልሰው ዘረጉላት።

«ይያዙት፣ እትዬ» አሏት። በክፋት አልነበረም። ምራታቸው ትሆናለች የተባለች ልጅ እናት ናት፣ አማች ይከበራል። ግን ስምንት ቀን ሙሉ አንቺ ልጄ፣ አንቺ ልጄ ሲሏት ቆይተው እርስዎ አሏት። እናቴ ጋቢውን በሁለት እጇ ተቀብላ እጅ ነሣች።

ማምሻውን ቤት ገብተን ማድ ቤት ውስጥ ብቻችንን ሆንን። ሰው ሁሉ «አሁንማ በጋብቻ ተዛመዳችሁ፣ ምን ቀረሽ?» ብሏት ነበር በመንገድ ላይ፤ «አማችነት ሌላ ነው» ብቻ ነበር መልሷ። ዕቃ ታጥባለች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

«ምነው የመጀመሪያውን ቀን ብትናገሪ ኖሮ?» አልኳት በመጨረሻ፣ ቀስ ብዬ።

«ማድ ቤት ገብተው ክዳኑን ሲያነሱ ነው የእርሾው ባለቤት መሆናቸውን ያወቅኩት። ልናገር ነበር። ልጄ ሲሉኝ አፌ ተያዘ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ያለኝ ሰው አልነበረም። ነገ እናገራለሁ ስል፣ ነገ እናገራለሁ ስል...» ድስቱን ገለበጠችው፣ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ጠበቀች። «አንቺን ባል ላሳጣሽ ብዬ አይደለም እኮ። ስምንት ቀን ብቻ ነው የወሰድኩት።»

እርጥብ እጇን ይዤ አለቀስኩ።